«ስሜን አስገቢልኝ»፦ የአንድ 9ኛ ክፍል የቡድን ሥራ ጉዳይ ከጎንደር

አምና ኅዳር ላይ ነው። ማታ መብራት ጠፍቶ በስልክ ብርሃን የቡድን አሳይመንት አርማለሁ። 11 ወረቀት ነው። አንዱ ላይ ስድስት ስም ተደርድሯል። ሦስተኛው ስም ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ይህ ልጅ ከሁለት ሳምንት በፊት አባቱን አጨዳ ሊያግዝ ደምቢያ ወርዷል። ክፍል የለም። ከተማው ውስጥም የለም። ወረቀቱ ላይ ግን አለ። ከ10 ደግሞ 9 ሊያገኝ ነው።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ የቀሩትን ወረቀቶች እንደገና አገላበጥኩ። 64 ስም፣ 11 የእጅ ጽሑፍ። «ተወያይታችሁ ሥሩ» ብዬ ያዘዝኩትን ነገር 11 ልጆች እቤታቸው ተቀምጠው ለየብቻ ሠርተውታል። የሌሎቹ 53 ልጆች ድርሻ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «ስሜን አስገቢልኝ።»

ከዚያ ማታ እስከ ሰኔ ድረስ ያ ክፍል ውስጥ ምን እንደሆነ ነው የምጽፈው። ትምህርት ቤቱ ጎንደር ከተማ ያለ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ ስሙ ይቆየን። የማስተምረው ባዮሎጂ ነው። የልጆቹንም ስም አልጠራም፤ ዘንድሮም እዚያው ናቸው፣ በየቀኑ ዓይን ለዓይን እንተያያለን።

ክፍሉ

ክፍሉ ውስጥ ያለው ኮምባይንድ ዴስክ ነው። መቀመጫውና መጻፊያው የተጋጠመ፣ ከባድ፣ ሦስት ልጅ የሚይዝ። «ቡድን ሥሩ» ሲባል የፊተኛው ዴስክ ልጆች ወደ ኋላ ዞረው ይቀመጣሉ። ጉልበታቸው ከኋለኛው ጋር ይጋጫል። ሦስት ዞሮ፣ ሦስት ፊት ለፊት፤ አንድ ቡድን ማለት ይኸው ነው። ፔሬዱ 40 ደቂቃ ነው። ስም ተጠርቶ፣ ሰሌዳ ተጠርጎ፣ የዘገየው ገብቶ 30ው ቢተርፍ እሰየው።

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። ልጆቹ ግን የሚጫወቱት፣ የሚጣሉት፣ የሚያልሙትም በአማርኛ ነው።

ሌላው ነገር ውኃ ነው። ጎንደር ውስጥ ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። የሰፈሩ ተራ በደረሰ ቀን ከቤት አንድ ሰው መቅረት አለበት። ያ ሰው ብዙ ጊዜ ትልቋ ሴት ልጅ ናት። «ትናንት ለምን ቀረሽ?» ሲባል «ውኃ መጥቶ» የሚለው መልስ እኛ ዘንድ እንደ ሐኪም ወረቀት ነው የሚቆጠረው። ይህን ለወሬ ማድመቂያ ያመጣሁት እንዳይመስላችሁ። ወደ ኋላ ላይ አንድ ያማረ እቅድ ያፈረሰብኝ ይኸው ውኃ ነው።

ቡድኖቹን ያዋቀርኩት በ8ኛ ክፍል ውጤታቸው ነው። የመጀመሪያዎቹ 11 መሪ፣ የቀሩት ተከታይ። ይህን የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም። አንድ ለአምስትን የማያስታውስ የለም። በመጀመሪያው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን እቅድ ዘመን ከገበሬው ማሳ እስከ መሥሪያ ቤት፣ ከመሥሪያ ቤት እስከ ክፍል የወረደ አደረጃጀት ነው። ክፍል ውስጥ ሲገባ ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ጎበዙ አምስቱን ይያዝ፣ የገባው ላልገባው ያስረዳ። ችግሩ ነገሩ ቶሎ ወደ ቃለ ጉባኤና ወደ ሪፖርት መዞሩ ነው። ብዙ ሰውም «ማን ማንን እየጠበቀ ነው?» እያለ ይጠረጥረው ነበር። አሁን ስሙን የሚጠራው ቀንሷል። ቅርጹ ግን ዴስኩ ላይ ቀርቷል። ሰቃዩ፣ ማለትም የክፍሉ ጎበዝ፣ መሀል ይቀመጣል፣ ሌላው ዙሪያውን ይከበዋል።

ከዚያ ማታ በኋላ ባለው ሳምንት አንድ ነገር አደረግሁ። ልጆቹን ሥራ ሰጥቼ ጥግ ላይ ቆሜ አንድ ቡድን ብቻ ማየት ጀመርኩ። ስድስቱን ስም ወረቀት ላይ ጻፍኩ፤ አንድ ልጅ በተናገረ ቁጥር ስሙ ሥር ጭረት እጭራለሁ። ከሩብ ሰዓት በኋላ የመሪዋ ስም ሥር ቦታ ጠፋ። ሁለት ወንዶች ጥቂት ጥቂት አላቸው። መስኮቱ ጋ የምትቀመጠው ልጅ ሥር አንዲት ጭረት አለች። እሷም «እስክሪብቶ ትርፍ አለሽ?» ያለችው ናት።

ከዚያ ደግሞ ራሴን ቆጠርኩ። ይህ ይባስ አሳፈረኝ። ጥያቄ እጠይቃለሁ፣ እጅ እስኪወጣ አልጠብቅም፣ መልሱን ራሴ እናገራለሁ፣ «ገባችሁ?» እላለሁ፣ 64 ልጅ ባንድ አፍ «አዎ ቲቸር!» ይላል። አሜሪካዊቷ የትምህርት ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ ሰዓት ይዛ ለክታዋለች። መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ነው። ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያሳድጉት የልጆቹ መልስ ይረዝማል፣ ዝም የሚሉትም መናገር ይጀምራሉ። ሦስት ሰከንድ ትንሽ ነገር ትመስላለች። ክፍል ፊት ቆማችሁ ሞክሯት። እንደ ቅዳሴ ነው የምትረዝመው።

የከሸፈው

መጀመሪያ የሞከርኩት ሥልጠና ላይ የተማርኩትን ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ሥራ መስጠት፦ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ሰዓት ያዥ፣ አቅራቢ፣ ሌላም ሌላም። ሳምንት አልቆየም። ሰዓት ያዡ ሰዓት የለውም፤ ስልክ ደግሞ ክልክል ነው። ጸሐፊዋ ሰቃይዋ የምትላትን ትገለብጣለች። አቅራቢው የተጻፈለትን ያነባል። ስም ያስገባ የነበረ ልጅ አሁን ማዕረግ አገኘ እንጂ ሥራው ያው ነው።

በኋላ ሳስበው፣ አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለኝ። ማክስ ሪንግልማን የሚባል ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ ከመቶ ዓመት በፊት ሰዎችን ገመድ እያስጎተተ ጉልበታቸውን ለክቷል። ጎታቹ በበዛ ቁጥር የእያንዳንዱ ሰው ጉልበት ይቀንሳል። ደቦ ላይ የሠራ ሰው ይህን ለማወቅ ፈረንሳይ መሄድ አያስፈልገውም። ብቻ አንድ ልዩነት አለ፤ ደቦ ላይ የሰነፈ ሰው ይታያል፣ ማታ ጠላው ላይ ይነሣበታል። የእኔ ክፍል ውስጥ የሰነፈ አይታይም። ከስድስቱ አንዱ ብቻ ነው የሚታየው።

የማኅሌቱ ሌሊት

መፍትሔው የመጣው ካልጠበቅሁት ቦታ ነው። ጥር ላይ ለበዓል ማኅሌት ቆሜያለሁ። ጎንደር የአቋቋም፣ ማለትም የማኅሌት ሥርዓት ትምህርት፣ አገር ናት፤ በአታ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ከሩቅ አገር መጥቶ አቋቋም የሚያስመሰክር አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ነገር ነው፣ ግን ያን ሌሊት ሌላ ነገር አየሁበት። ቅኔ ሲቀርብ ባለቅኔው አያዜምም። ቅኔውን ቀስ ብሎ፣ ቤት በቤት፣ አጠገቡ ለቆመው ይመራዋል። ተቀባዩ ሰምቶ በዜማ ከፍ አድርጎ ይለዋል። የፈጠረው ሰው ድምፁ አይሰማም። የሚሰማው የተቀበለው ነው።

ተቀባዩ ካልሰማ ቅኔው የለም ማለት ነው። ባለቅኔው ሊቅ ቢሆን ምን ዋጋ አለው?

ሰኞ ክፍል ገብቼ ደንቡን ቀየርኩ። ከዛሬ ጀምሮ ያወቀ አይናገርም። ቡድኑን ወክሎ ተነሥቶ የሚናገረው በዕጣ የወጣ ነው። የ64ቱን ስም በትንንሽ ወረቀት ጽፌ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ውስጥ ከተትኩ። ውይይቱ ሲያልቅ ጣሳውን እነቀንቃለሁ፤ የወጣው ይነሣል። ውጤቱ የቡድኑ ነው። ማን እንደሚወጣ ስለማይታወቅ ሰቃዩ አምስቱንም ማስረዳት አለበት።

ጣሳው ሲንኮሻኮሽ ክፍሉ ጸጥ ይላል። እንደዚያ ጸጥ ሲል ከዚያ በፊት አላየሁም።

የመጀመሪያው ሳምንት ደስ አለኝ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ግን ጉዱ ወጣ። አንድ ልጅ በዕጣ ተነሣ፤ ስለ ሕዋስ ሽፋን ጥርት ያለ እንግሊዝኛ አወረደው። ጓደኞቹ አጨበጨቡ። «እሺ፣ ምን ማለት ነው?» አልኩት በአማርኛ። ልጁ ጣሪያውን አየ፣ ሰቃዩን አየ፣ እኔን አየ። ምንም የለም። በአምስት ደቂቃ ውስጥ አምስት በቀቀን አሠልጥነዋል። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፤ እኔ ድምፅ ጠየቅሁ፣ ድምፅ አመጡልኝ።

እሑድ ከሰዓት የእናቴ አጎት ጋ ሄድኩ። ዕድሜያቸውን በቅኔ ቤት የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ቤተሰቡ ሁሉ «የኔታ» ነው የሚላቸው። መደብ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ስለ ጣሳው ነገርኳቸው፤ ሳቁ። ስለ በቀቀኖቹ ስነግራቸው ግን ሳቃቸውን ተዉት።

«አንተ ከላይ ከላዩን ነው የወሰድኸው» አሉኝ።

«እንዴት የኔታ?»

«ማኅሌቱን አየህ እንጂ ቅኔ ቤቱን መቼ አየህ? ቅኔ ቤት ተማሪው መጀመሪያ ብቻውን ነው የሚወጣው። ዛፍ ሥር፣ አጥር ጥግ ተከናንቦ ይቆጥራል። የቆጠረውን ይዞ ነው ለአስነጋሪው የሚነግር። ያ ያርመዋል። ሳይቆጥር የመጣን ሰው ምኑን ያርሙታል?»

ትንሽ ቆየት ብለው ደግሞ «ደግሞስ ጀማሪውን ጉባኤ ቃና ነው እንጂ መወድስ ቁጠር ይሉታል እንዴ?» አሉኝ።

ቅኔ ቤት ላልደረሰ፦ መቁጠር ማለት ቅኔ ማዘጋጀት ነው፤ ቤት የሚባለው የቅኔው ስንኝ ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፣ መወድስ ስምንት። አስነጋሪ ማለት ደግሞ በትምህርቱ ገፋ ያለ ተማሪ ነው፤ ከመምህሩ በፊት የጀማሪውን ቅኔ የሚሰማና የሚያቃና። የአብነት ትምህርት ቤት ያለ ደመወዝተኛ ረዳት መምህር ለብዙ መቶ ዓመታት የቆየው በዚህ ነው። ንባብ ቤትም ቢሆን ታላቁ ታናሹን ፊደል ያስቆጥራል። እኛ መምህራን «አሳታፊ የማስተማር ዘዴ» እየተባለ በስላይድ ስንሠለጥን ይህ ከትምህርት ቤታችን አጥር ማዶ እየተካሄደ ነበር። አሠልጣኞቹም እኛም ዞር ብለን አላየንም።

የአብነት ትምህርቱን ሳሞግስ ሁሉንም አይደለም። ዱላውም የነበረ ነው፣ ረኃቡም። ሴት ልጅም እምብዛም አልነበረችበትም። የወሰድኩት ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው።

ድንችና ቋንጣ

የካቲት ላይ አዲሱ ደንብ ሦስት እግር አወጣ። መጀመሪያ ሦስት ደቂቃ ዝምታ፤ ሁሉም ብቻውን እርሳስ ይዞ የመሰለውን ይጽፋል፣ ስሕተት ይሁን ግድ የለም። ከዚያ በአማርኛ ውይይት። እንግሊዝኛው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፣ ነገሩ ከገባ በኋላ። ያንን ሦስት ደቂቃ ልጆቹ «ቆጠራ» አሉት። እኔ አላልኩም፤ ከመካከላቸው ዲያቆናት አሉ።

አንድ ቀን ሳልረሳው የምኖረውን ልንገራችሁ። ትምህርቱ ኦስሞሲስ ነው። ቅዳሜ ገበያ ድንች ገዝቼ፣ በስሱ ከትፌ፣ ሃይላንድ ከወገቡ ቆርጬ አመጣሁ። ለእያንዳንዱ ቡድን ሁለት ሁለት። አንዱ ውስጥ ንጹሕ ውኃ፣ አንዱ ውስጥ ጨው የበዛበት ውኃ። ፔሬዱ ሲጀመር ድንቹን ከተቱ። ወደ መጨረሻው ሲያወጡት የጨዉ ድንች እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። የውኃው ድንች ሲያጥፉት ቀጭ ይላል።

«ለምን?» አልኩና ዝም አልኩ።

ቆጠራ። ከዚያ ውይይት። እኔ ከዚያች ጭረት ከቆጠርኩባት ቡድን አጠገብ ቆምኩ፤ ፊቴን ግን ወደ ሌላ አዞርኩ፤ ካየኋቸው ለእኔ ነው የሚናገሩት። በዚያ ሰሞን መሪዎቹን አቀያይሬ ስለነበር እዚያ ቡድን ውስጥ አሁን ያለው ወንዱ ሰቃይ ነው።

«ጨዉ ገብቶበት ነው የለሰለሰ» አለ ሰቃዩ። ሌሎቹ ወዲያው ተስማሙ። ሰቃይ ተናግሮ ማን ይከራከራል?

መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ወረቀቷን እያየች «እኔ እንደዛ አልጻፍኩም» አለች።

«ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«ውኃው ወጥቶ ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

ዝም አለች። ረጅም ዝምታ። ዘልዬ ልገባ ነበር፤ ምላሴን ነከስኩ።

«ቋንጣ…» አለች። «እናቴ ሥጋውን ዘልዝላ ጨው ስታደርግበት፣ ሳህኑ ሥር ውኃ ይጠራቀማል። ውኃ አልጨመረችም እኮ። ከሥጋው ነው የወጣው። ድንቹም የለሰለሰ ውኃው ወጥቶ ነው።»

አንዱ ልጅ «ታዲያ ይኼኛው ለምን ጠነከረ?» ብሎ ቀጭ የሚለውን ድንች አነሣ።

«እሱማ ጠጣ። ባለጎመኖቹ ጎመኑ ሲጠወልግባቸው ውኃ ይረጩበት የለ?»

ሰቃዩ ድንቹን እንደገና አጠፈው። ከዚያ እኔ ያላሰብኩትን ጥያቄ እሷው ጠየቀችው፦ «ግን ውኃው ካለፈ ጨዉ ለምን አያልፍም?» ልጁ አፉን ከፈተ፤ ዘጋ። ሽፋኑ መራጭ እንደሆነ፣ «ሴሚፐርሚየብል» የሚለውን ቃል ፈተና ላይ መቶ ጊዜ ጽፎታል። ያን ቀን ግን ቃሉ አልጠቀመውም።

እዚህ ጋ እንደ ባዮሎጂ መምህር አንድ ነገር ልጨምር፣ ያለዚያ እንቅልፍ አይወስደኝም። ቋንጣው ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም። ሥጋው የሞተ ነው፤ ሽፋኑ እንደ ሕያው ሕዋስ አይመርጥም፣ ጨውም ቀስ በቀስ ይገባበታል። ለዚህም ነው ቋንጣ ጨው ጨው የሚለው። ይህን በሚቀጥለው ፔሬድ አነሣሁት። ያነሣሁት እንደ እርማት አልነበረም፤ «ቋንጣ ውስጡ ለምን ጨው ጨው ይላል?» ብዬ ጥያቄ አድርጌ ጣልኩት። ሃያ ደቂቃ ተጨቃጨቁበት። ሰቃዩ የዚያን ዕለት መጽሐፉን አንብቦ ነበር የመጣው፤ ስለ ሽፋኑ በአማርኛ፣ በራሱ አፍ፣ እየተንተባተበ አስረዳ። ሲተባተብ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ልጅቷን በኋላ ብቻዋን አገኘኋት። «ድሮ ለምን አትናገሪም ነበር?» አልኳት። 7ኛ ክፍል እያለች አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ስትጠራ ክፍሉ ሳቀባት። ከዚያ ወዲህ ተወችው። ይኸው ነው፤ ሁለት ዓመት። እኔም ዝምታዋን ስንፍና ነው ብዬ መዝግቤው ነበር።

ቅሬታዎቹ

ነገሩ ሁሉን አላስደሰተም። ጎረቤት ክፍል የሚያስተምር ባልደረባዬ በሩን ከፍቶ «ኧረ ክፍልህን ዝም አስብል፣ አራዳ ገበያ አደረግኸው እኮ!» አለኝ። እውነቱን ነው። መምራት በሹክሹክታ ነው የሚባለውን ደንብ ያኔ ጨመርን፤ ትንሽ ረዳ፣ ብዙ ግን አይደለም። 64 ሹክሹክታም ጩኸት ነው።

አንድ ሱፐርቫይዘር መጥቶ የቡድኖቹን ቃለ ጉባኤ ጠየቀኝ። የለም አልኩ። ጣሳውን አሳየሁት። ጣሳው ፎርማቱ ውስጥ የሚገባበት ቦታ የለም። ማታውኑ ቃለ ጉባኤ ጻፍን።

ከባዱ ግን የወላጅ ነው። የሰቃዩ እናት ነጠላቸውን እንዳጣፉ ቢሮ መጡ። «መምህር፣ ልጄን የላክሁት ሊማር ነው ወይስ የሰው ልጅ ሊያስተምር?» አሉኝ። በልባቸው ያለው 12ኛ ክፍል ነው። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ቁጥር የሰማ ወላጅ ልጁ አንድ ደቂቃ ለሌላ ሰው ሲሰጥ ቢያይ ቢቆጣ አይፈረድበትም። «ማስረዳት ለልጅዎም ይጠቅመዋል» አልኳቸው። አላመኑኝም። እኔ ብሆንም አላምንም ነበር፤ እንደ ሰበብ ነው የሚሰማው።

ስለዚህ ክርክሩን ትቼ ነጥቡን ቀየርኩ። ከ10ሩ 7ቱ ለየብቻ በሚሠራ አጭር ፈተና፣ 3ቱ ብቻ በቡድን። የልጃቸው ነጥብ በሌላ ሰው እንደማይበላሽ በወረቀት አሳየኋቸው። ያኔ «እንዲህ ከሆነስ ደህና» ብለው ሄዱ። ይህ መጀመሪያ መሆን የነበረበት ነው። የልጅን ውጤት ይዞ መቆመር ተገቢ አልነበረም፤ ያን ጊዜ አላሰብኩትም።

ሚቶኮንድሪያ ውኃ ልትቀዳ ሄዳለች

መጋቢት ላይ ተጀነንኩ። ኤሊየት አሮንሰን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1971 (እ.ኤ.አ.) ቴክሳስ፣ ኦስቲን ውስጥ የሠራው ዘዴ አለ። ነጭና ጥቁር ልጆች ገና አንድ ክፍል ውስጥ ተቀላቅለው ይጣሉ በነበረበት ጊዜ ነው። ትምህርቱን ይቆራርጡታል፤ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ቁራጭ ይይዛል፤ ሌሎቹ ያንን ቁራጭ የሚያገኙት ከእሱ ብቻ ነው። ስለዚህ መደማመጥ ግድ ይሆናል። ያንን አመጣሁ። የሕዋስ ክፍሎችን ለስድስት ከፈልኩ፦ አንዱ ኒውክለስ፣ አንዷ ሚቶኮንድሪያ፣ አንዱ ክሎሮፕላስት፣ እያለ ይቀጥላል። ሐሙስ ተዘጋጅታችሁ ኑ አልኩ።

ሐሙስ ውኃ መጣ።

ክፍሉ ውስጥ አሥራ ምናምን ልጅ የለም። አንዱ ቡድን ጋ ሄጄ «ኃይል የሚያመነጨው ክፍል የትኛው ነው?» አልኩ። አንዱ ልጅ ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ቲቸር፣ ሚቶኮንድሪያ ውኃ ልትቀዳ ሄዳለች» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ጠረጴዛውን ይዤ ሳቅሁ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያቺ ልጅ ስሟ ሚቶኮንድሪያ ሆኖ ቀረ። ቅር አላላትም፤ እንዲያውም ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ዘዴው ኦስቲን ላይ ሠርቷል። እኛ ጋ ቀሪ በበዛበት ክፍል አንድ ቁራጭ ለአንድ ልጅ መስጠት ቡድኑን ለውኃ መስመር አሳልፎ መስጠት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስድስቱን ቁራጭ ሦስት አደረግሁት፤ አንዱን ቁራጭ ሁለት ልጆች ይይዙታል። ሁለቱን ከአንድ ሰፈር እንዳልመርጥ ተጠነቀቅሁ። ውኃ በሰፈር ነው የሚመጣው። ከማራኪ አንድ፣ ከቀበሌ 18 አንድ። እንዲህ ዓይነቱን ነገር የትኛውም ሥልጠና ላይ አልሰማሁትም።

ያልሆነውንም ልናገር። የኋላ ወንበር ላይ ሦስት ልጆች ነበሩ። ሁለቱ ተነሡ፣ መናገር ጀመሩ። ሦስተኛው የባጃጅ ረዳት ሆኖ ሚያዝያ ላይ ጨርሶ ቀረ። ጣሳ ልጅ አይመልስም። ሁለት ጊዜ አስጠራሁት፤ አንድ ቀን ፒያሳ አገኘሁት፣ «ቲቸር፣ ሒሳብ ተከፍሏል» ብሎ በነፃ አዘዞ አደረሰኝ።

የሒሳብ መምህሩ ጓደኛዬም ሞክሮት ተወው። ሄጄ አየሁት። የሰጣቸው ጥያቄ ቀላል ነበር፤ ሰቃይዋ በአንድ ደቂቃ ትጨርሳለች፣ ከዚያ የሚወራው ስለ ኳስ ነው። ሌላ ቀን ደግሞ ከመጽሐፉ መጨረሻ ያለውን ከባድ ጥያቄ ሰጠ፤ ሁሉም እኩል ተቀመጠ። የኔታ ስለ ጉባኤ ቃናና መወድስ ያሉኝን ነገርኩት። «እሺ፣ ግን የሁለት ቤት ጥያቄ ከየት ላምጣ?» አለኝ። ትክክል ነው። ድንችና ቋንጣ በየምዕራፉ አይገኝም። እኔም ከአራት ፔሬድ አንዱን ብቻ ነው በቡድን የማስተምረው፤ የቀረውን ጠመኔ ይዤ እንደ ድሮዬ።

ሰኔ

የዓመቱን የመጨረሻ የቡድን ሥራ ያረምኩት እንደገና ማታ ነው። ያን ቀን መብራት ነበረ። ወረቀቶቹ ቆሽሸዋል። አንዱ ላይ አራት ዓይነት የእጅ ጽሑፍ አለ። አንዱ መስመር ተሰርዞ በሌላ እጅ ተስተካክሏል፤ ጠርዙ ላይ በአማርኛ «አይደለም፣ ቋንጣውን አስብ» የሚል ተጽፏል። ለማረም ከኅዳሩ እጥፍ ጊዜ ፈጀብኝ።

ያ ደምቢያ የወረደው ልጅ ያለበት ቡድን ወረቀት መጨረሻ ላይ ደረሰ። ልጁ ታኅሣሥ ላይ ተመልሶ ነበር፤ ያን ሰሞን ግን አባቱ ታመውበት እንደገና ሄዷል። ወረቀቱ ላይ አምስት ስም ነው ያለው። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ቲቸር፣ የእሱን ስም ያላስገባነው ስላልነበረ ነው። ሰኞ ይመጣል። ስናስረዳው ይጠይቁት።»

ሰኞ መጣ። ከጣሳው ውስጥ የእሱን ስም ብቻ አስቀርቼ ነቀነቅሁት።